ባለ አንድ ዋልታ ማግኔት አለ?

አንድ ነጋዴ መንደራችሁ መጥቶ እንዲህ ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «ይህ ማግኔት ዋልታው አንድ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ስለሚገፋ የውሃ ፓምፕ ያለ ነዳጅ ያዞራል። ዋጋው የአንድ በሬ ነው።» ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ነገሩን አብረን እንመርምረው።

ከቢሾፍቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስትገቡ ቃሊቲን አልፋችሁ ሳሪስ ትደርሳላችሁ። ሳሪስ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። እዚያ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ጎራ በሉ። የተቃጠለ ስፒከር ሲፈታ ከኋላው ጥቁር ቀለበት ይወጣል። ቀለበቱ ምስማር ይስባል። ማግኔት ነውና።

ማግኔት ሁለት ዋልታ አለው፤ ሰሜንና ደቡብ። ሰሜንና ሰሜን ይገፋፋሉ። ሰሜንና ደቡብ ይሳሳባሉ። ታዲያ ቀለበት ጫፍ የለው፤ ዋልታው የት ነው? በገጹ ላይ ነው። አንዱ ገጽ ሰሜን፣ ሌላው ገጽ ደቡብ ነው። እንጀራን አስቡ። ዓይኑ በአንድ ወገን፣ ጀርባው በሌላ ወገን ነው።

እንጀራ ብትቆርሱ ቁራሹም ዓይንና ጀርባ አለው። ማግኔትም እንዲሁ ነው። ያ ጥቁር ቀለበት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስባሪዎቹን እንደ ነበሩ ልትገጥሟቸው ብትሞክሩ ይገፋፋሉ። አንዱን ስትገለብጡት ግን ይያያዛሉ። እያንዳንዱ ስባሪ ሁለቱንም ዋልታ ይዟል ማለት ነው። ይህንን ፔትሩስ ፔሬግሪኑስ የተባለ ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1269 ጽፎታል።

እሺ፣ ቅርፁን ብንለውጠውስ? ውስጡ ሰሜን፣ ውጩ ደቡብ የሆነ ቀለበት ይሠራል? አዎ፤ በአንዳንድ ሞተር ውስጥ አለ። ሁለቱም ጫፉ ሰሜን የሆነ ዘንግስ? ይሠራል፤ ደቡቡ ግን መሐል ላይ ይሆናል። ዙሪያውን ሁሉ ሰሜን የሆነ ኳስስ? ይህ አይሆንም። ቁርጥራጮችን ሰሜናቸውን ወደ ውጭ አድርገን ኳስ ብንሠራ፣ ደቡባቸው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ክፍተት ሳይኖረው በትክክል ከተገጠመ ጉልበቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከውጭ መርፌ እንኳ አያነሣም።

የተማሩ ሰዎችም ጉዳዩን አልተዉትም። እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ባለ አንድ ዋልታ ቅንጣት ሊኖር እንደሚችል በስሌት አሳየ። እስከ ዛሬ ይፈለጋል፤ አልተገኘም። በዓለም ሁሉ ያልተገኘው ነገር እንዴት በነጋዴ ከረጢት ይገኛል?

ፓምፑስ? ማግኔቶችን እንደፈለጋችሁ ብትደረድሩ መንኮራኩሩ ሲጠጋ የተሳበውን ያህል ሲርቅ ወደ ኋላ ይጎተታል። ጥቂት ዞሮ ይቆማል። ፓምፕ የሚያዞረው ነዳጅ፣ መብራት፣ ፀሐይ፣ ንፋስ ወይም ክንድ ነው።

ነጋዴው ከመጣ የስፒከር ቀለበት ይዛችሁ ጠብቁት። የቀለበቱን አንድ ገጽ ሳትገለብጡ በማግኔቱ ዙሪያ ሁሉ አስጠጉ። አንዱ ቦታ ሲገፋ ሌላው ቦታ ሲስብ ታያላችሁ። ያን ጊዜ ሁለቱንም ዋልታ አገኛችሁ። ነጋዴውን በሰላም ሸኙት፤ በሬያችሁም በበረቱ ይደር።