ያልገባንንም እንጻፍ



ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ በብዙ ቤት የሚቀድመው ጥያቄ «ፈተና እንዴት ነበር?» የሚል ነው። «ምን ገባህ? ምንስ አልገባሽም?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ተማሪውም በጥያቄያችን ልክ ይማራል፤ ሀንድአውቱን ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ከወራት በኋላ ግን አብሮት የቀረው ጥቂት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ከእጅ ከተለየ በኋላ ምን ኃይል ያርፍበታል? የኒውተንን ሕግጋት በቃሉ የሚወጣ ተማሪ እንኳ ብዙ ጊዜ «የእጁ ግፊት አብሮት ይወጣል» ይላል። የአየሩን ተቃውሞ ከተውነው ግን ድንጋዩ ላይ ያለው ኃይል የመሬት ስበት ብቻ ነው። ተማሪው ቀመሩን ይዟል፤ የቀድሞ ግምቱን ግን አልለቀቀም።

በካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ፣ በኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩት ካልቪን ካልማን ለዚህ ችግር የተጠቀሙበት መላ ቀላል ነው። ተማሪው ክፍል ከመግባቱ በፊት ምዕራፉን ያነብባል፤ ከዚያም ስለ ሰዋስው ሳይጨነቅ በራሱ ቃል ይጽፋል። የሚጽፈው ማጠቃለያ አይደለም። ሐሳቡ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከሚያውቀው ጋር የት እንደሚጋጭ፣ የቱ እንዳልገባው ራሱን እየጠየቀ ነው። ክፍል ሲገባም ጥያቄ ይዞ ይገባል።

ንባብ ብቻውን ያታልላል፤ ዓይናችን በገጹ ላይ ስላለፈ የገባን ይመስለናል። ብዕር ስናነሳ ግን ያልገባን ቦታ ላይ እጃችን ይቆማል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ በወረዱት የቁርኣን አንቀጾች ውስጥ የማንበብ ትእዛዝና ብዕር አብረው ተወስተዋል። በ243 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ሓሪስ አል-ሙሓሲቢ በዚህ ስም የታወቁት ነፍሳቸውን በመተሳሰብ (ሙሓሰባ) ነው። በሀገራችንም የቆዩ ኪታቦችን ኅዳግ የተመለከተ ሰው በዐረብኛ፣ አንዳንዴም በዐረብ ፊደል በተጻፈ የሀገር ቋንቋ የሰፈሩ ማብራሪያዎችን ያገኛል።

ይህን ስንል ሒፍዝን ማቃለላችን አይደለም። ሒፍዝ መሠረት ነው፤ መሠረት የሚጣለው ግን ቤት ሊሠራበት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከዒሻ ሰላት በኋላ ሩብ ሰዓት መድቡ። የዕለቱን ትምህርት ደብተር ሳትገልጡ በግማሽ ገጽ ጻፉ፦ ምን ገባኝ? ምን ቀረኝ? ነገ ማንን ልጠይቅ? ኮምፒዩተር ያዘጋጀላችሁን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ከሆነ ግን ያሰበው ሌላ ነው፤ እናንተ በነበራችሁበት ናችሁ። መምህራንም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሲያርሙ «አልገባኝም» ብሎ በሐቅ የጻፈውን ተማሪ በነጥብ ባይቀጡት መልካም ነው። ከተቀጣ ዳግመኛ እውነቱን አይጽፍምና።

ዕውቀት አማና ነው። የዛሬው ተማሪ ነገ ለሕመምተኛ መድኃኒት ያዝዛል፣ ሰው የሚሻገርበትን ድልድይ ይነድፋል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው የሚድነው ሐኪሙ በተረዳው እንጂ ለፈተና በሸመደደው አይደለም።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።