ፀጥታው በስንት ብር ነው?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ልትከራዩ ያሰባችሁ፣ ቤቱን እሁድ ረፋድ ላይ አይታችሁ ብቻ ቀብድ አትክፈሉ። ያኔ ነፋሱም፣ ዝምታውም፣ ከመሀል ከተማው የሚቀንሰው ኪራይም ያማልላል። (ደላላ ይህን ሰዓት ያውቃል።)

ሰኞ ማለዳ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙ። ማታ 3 ሰዓት ከመገናኛ ተሳፍራችሁ ሂዱ፤ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ ያለውን መንገድ በእግራችሁ ሞክሩት። አምሽታ ለምትገባ ነርስ ከሳሎኑ ስፋት ይልቅ የዚያ መንገድ መብራት ይበልጥባታል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም ጎረቤት ጠይቁ።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጥሩ ነው። የ2 ዓመቱን የታክሲ ሂሳብ ግን አዋጁ አይከፍልም።

እኔ በበኩሌ፣ ሥራው መሀል ከተማ ለሆነ ሰው ጠባብም ብትሆን ታክሲ መንገድ ዳር ያለችውን እመክራለሁ። ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ግን ይግባበት፤ አየሩም ይስማማዋል።