ፌስታሉ ታገደ፤ ጀሪካኑስ?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ማጽደቁ ደግ ነው። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ያገደው ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ብቻ ነበር፤ በየጉሊቱ እየዞረ ሚሊ ሜትር የሚለካ ግን አልተገኘም። አዲሱ ሕግ ይህን ማምለጫ ዘግቷል። ይሁን እንጂ አሁንም ፕላስቲክን የሚያየው እንደ ቆሻሻ ነው። የእኛ ሥጋት የሚጀምረው ገና ሳይጣል ነው።

ፕላስቲክ እንዲለሰልስ፣ ቀለም እንዲይዝ፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው ኬሚካል ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ የተመራማሪዎች ዘገባ ከፕላስቲክ ጋር የተያያዙ ከ16,000 በላይ ኬሚካሎችን ቆጥሮ፣ ከ4,200 የሚበልጡትን አሳሳቢ ብሏቸዋል። ማለስለሻው ፍታሌት ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ አይቀርም፤ ሙቀትና ቅባት ሲያገኘው ይለቃል፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶም ሆርሞን ያዛባል። የአውሮፓ ኅብረት ሌላውን ሆርሞን አዛቢ፣ ቢስፌኖል ኤን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሕፃናት ጡጦ፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከምግብ መያዣዎች አግዷል።

እኛስ? በምሳ ሰዓት ከድስት የወረደ ሽሮ እየተንተከተከ በስስ ፌስታል ይቋጠራል፤ ሙቀቱም ዘይቱም እዚያው አሉ። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ጀሪካን ትናንት ምን እንደያዘ ሻጩ ራሱ አያውቅም፤ ዛሬ ውኃ ይቀዳበታል። በፌስታል ፈንታ የመጣው ጨርቅ መሳይ ዘንቢልም፣ ብዙዎች አያውቁትም እንጂ፣ አብዛኛው ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ፕላስቲክ ነው።

ተሰባብሮ የደቀቀውም የትም አይጠፋም። በዝዋይ ሐይቅ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶዎቹ ሆድ ዕቃ ፕላስቲክ አግኝቷል።

የፕላስቲክ ብክለትን የሚገታውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እንጠብቅ የሚል ካለ፣ የጄኔቫው ድርድር ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ያለ ውጤት መበተኑን ያስታውስ። የምርት ገደብና የኬሚካል ቁጥጥር ሲነሳ ነዳጅ አምራች አገሮች እንቢ ብለዋል። ስለዚህ ምግብ የሚነካ ፕላስቲክ የሚያመርት ወይም የሚያስመጣ ሁሉ የጨመረበትን ኬሚካል ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ መመሪያ ይውጣ፤ ቁጥጥሩም ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይጀምር እንጂ ፌስታል በያዘች እናት አይጀመር። ፀረ ተባይ የተያዘበት ጀሪካንም ገበያ እንዳይመለስ ይበሳ።