ያለ መምህር ለሚማር ወጣት ምን ዓይነት የታሪክ መጽሐፍ ይመረጥ?

ከመደበኛ ትምህርት ቤት ርቆ በቤቱ የሚማር ወጣት የሀገሩን ዘመናዊ ታሪክ ለማጥናት በሚነሣበት ጊዜ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የመጽሐፍ ምርጫ ነው። እናንተ በክፍል ውስጥ የምትማሩ ተማሪዎች መጽሐፉ ቢሳሳት የሚያርም መምህር፣ ነገሩ ቢያጠራጥር የሚከራከር ጓደኛ አላችሁ። እርሱ ግን ይህ ሁሉ የለውም፤ መጽሐፉ መምህሩም ጓደኛውም ነው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እንደሚባለው፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው ወጣትም በምርጫው ሊቀልድ አይገባውም። ነገ ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለእኅታችሁ መጽሐፍ የምትመርጡት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁና ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

ብዙ ሰዎች «ብቻውን ለሚያነብ ልጅ አጭርና ቀላል መጽሐፍ ይበቃዋል» ይላሉ። አሳባቸው ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ ቋንቋው የከበደው አንባቢ ጥቂት ገጾች ሳይገፋ ይሰለቻልና። ይሁን እንጂ የቋንቋ መቅለል አንድ ነገር፣ የአሳብ መቅለል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በእኔ አስተያየት የሚመረጠው መጽሐፍ ቋንቋው ግልጽ ሆኖ፣ የጻፈውን ነገር ከየት እንዳገኘው የሚናገርና አከራካሪውን ጉዳይ የማይሸፍን መሆን አለበት።

ለምሳሌ በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል እንውሰድ። ደካማ መጽሐፍ «ጣሊያን በውሉ ስላታለለች ጦርነት ተነሣ» ብሎ ያልፋል። ጥሩ መጽሐፍ ግን የአንቀጽ 17ን ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን ያቀርባል። የአማርኛው ቅጂ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ፈቃዱን ወደ ግዴታ ለወጠው። በዚህም ላይ መጽሐፉ ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን መያዟን፣ በ1879 ዓ.ም. ጦሯ በዶጋሊ በራስ አሉላ መመታቱን አስቀድሞ ያስረዳል። እንዲህ ሲሆን አንባቢው የውሉ ቃል የጠቡ ሰበብ እንጂ ብቸኛው ምክንያት አለመሆኑን ራሱ ይደርስበታል።

የዘመን አቆጣጠርም ቀላል ነገር መስሎ መታየት የለበትም። የውጫሌ ውል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ተፈረመ፤ የዐድዋ ጦርነት በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተደረገ። ሁለቱን አቆጣጠሮች ሳይለይ የሚጽፍ መጽሐፍ ያነበበ ወጣት፣ ለጦርነቱ ሰበብ የሆነው ውል ከጦርነቱ አንድ ዓመት በኋላ የተፈረመ ይመስለዋል። በክፍል ውስጥ ቢሆን መምህር ያርመው ነበር፤ በቤቱ ግን ስሕተቱ ይዞት ይኖራል።

ሦስተኛው መመዘኛ የቁጥር አያያዝ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋ 30 ሺህ ሰዎች እንደ ሞቱ የኢትዮጵያ መንግሥት አስታውቋል፤ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ደግሞ ቁጥሩን ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። ሁለቱንም ግምቶች መግለጽ የግፉን ክብደት አይቀንሰውም። እንዲያውም ወጣቱ የታሪክ ጸሐፊ ማስረጃን እንዴት እንደሚመዝን ይማርበታል።

ታዲያ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል? የተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍት የነገሥታቱን ዘመን በሰፊው ይተርካሉ፤ በአማርኛ የተጻፉ በመሆናቸውም ለጀማሪ ይስማማሉ። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ሥራ ደግሞ ከ1847 እስከ 1983 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ሲያትት ከነገሥታቱ ባሻገር ኢኮኖሚውን፣ ማኅበራዊ ኑሮውንና የምሁራኑን አሳብ ይመረምራል፤ ምንጮቹንም ያሳያል። የሚቻል ከሆነ ሁለቱ አብረው ይነበቡ። መግዛት ያልቻለ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊያገኛቸው ይሞክር። አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ግን ምንጩን የሚያሳየውን አስቀድማለሁ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ላለው ዘመን ሌላ መጽሐፍ እንደሚያስፈልግም አልዘነጋም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ የታሪክ መጽሐፍ ለመምረጥ ስትነሡ የሽፋኑን ማማር ወይም የገጹን ማነስ አትመልከቱ። ስለ አንቀጽ 17 የተጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ የዘመን አቆጣጠሩን መርምሩ፤ ደራሲው ማስረጃውን መጥቀሱን አረጋግጡ። መምህር በሌለበት ቤት አንባቢውን መጠየቅ የሚያስተምር መጽሐፍ፣ በቃል ብቻ ከሚያስጠና መጽሐፍ እጅግ ይበልጣል።