ሲጋራን በቬፕ መለወጥ መተው ነውን?

ሲጋራ ጤናን የሚጎዳ መሆኑን የማያውቅ ሰው ዛሬ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ይገኛል ማለት ያስቸግራል። አጫሹ ራሱ ሲያስል ያድራል፤ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀት አይደለም። የጎደለው፣ ልተው ብሎ በቈረጠ ማግሥት የሚመጡትን ጥቂት ቀኖች የሚያሻግር ብልሃት ነው።

አንድ የምናውቃቸው መምህር ሲጋራ ለመተው ቈርጠው በተነሡ ጊዜ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰ ዘመዳቸው «ይህ ያሻግርዎታል» ብሎ በተለምዶ ቬፕ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሰጣቸው። በእውነትም የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ሲጋራ ሳይነኩ አለፉ፤ ደስም አላቸው። ወር ሳይሞላ ግን ዕቃው ከእጃቸው የማይለይ ሆነ። ቀድሞ በዕረፍት ሰዓት ብቻ ያጨሱ የነበሩት ሰው፣ ሽታ የለውም በማለት ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ እንኳ ይስቡት ጀመር። ፈሳሹ ባለቀም ጊዜ ምትክ አላገኙምና ወደ ሲጋራቸው ተመለሱ። እኒህን ሰው ደካማ ብሎ መንቀፍ አይገባም። ቍርጠኝነት ነበራቸው፤ ያጡት ትክክለኛ ረዳት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ሰውን ከትምባሆ ጋር የሚያቈራኘው ኒኮቲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ጭሱ ሳንባ በገባ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። አጫሹ ደጋግሞ የሚለኩሰው ስለዚህ ነው። በሚተውበት ጊዜ ብስጭት፣ የእንቅልፍ እጦትና የሐሳብ መበተን ይመጡበታል። ይህም በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያም እየቀለለ ሄዶ በአብዛኛው ሰው ላይ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበርዳል። አምሮቱም ሲነሣ የሚጸናው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሁሉ ሐረጎን ያውቃል። ቍልቍለቱ ጥምዝምዝ ነው፤ ያስፈራል፤ ነገር ግን አጭር ነው፤ የጨረሰውም ሜዳውን ያገኛል። በመካከል ወርዶ ሌላ መኪና የተሳፈረ ሰው ግን መኪና ለወጠ እንጂ ቍልቍለቱን አልጨረሰም። ሲጋራን ትቶ ኒኮቲኑን በቬፕ የሚስብ ሰውም እንዲሁ ነው።

ስለ ቬፕ በቅን መፍረድ ይገባናል። ትምባሆ ሲቃጠል የሚወጣው ታር የተባለው ጥቁር ዝቃጭና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር ከቬፕ እንፋሎት ጋር እንደ ሲጋራው አይወጡም። እንግሊዝን በመሰለ አገር የጤና ባለሙያዎች ሲጋራ ለሚተው ጎልማሳ እንደ አንድ መርጃ ይመክሩታል፤ ከኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ ከሚለጠፈው ፕላስተር ይልቅ ብዙ ሰዎችን ሲጋራ ማስተዉም በጥናት ታይቷል። ይህን አንክድም። ነገር ግን በዚያ አገር የፈሳሹ የኒኮቲን መጠን በሕግ የተወሰነ ነው፤ የሚከታተልና መጠኑን እያስቀነሰ የሚያስተው አማካሪም አለ።

በአገራችን ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭ ከልክሏል። ስለዚህ በሻንጣ ተሸጉጦ ወይም በድብቅ ተሸጦ የሚደርሰን ዕቃ ውስጡ ምን እንደ ሆነ የመረመረ የለም። በአሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ምንጩ ያልታወቀ ፈሳሽ ያጤሱ ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ2,800 በላይ የሚሆኑት ሆስፒታል ገብተዋል፤ 68ቱ ሞተዋል። የጉዳቱ ዋና ምክንያት በሐሺሽ ፈሳሽ ላይ የተደባለቀ የቪታሚን ኢ ዘይት መሆኑ ተደርሶበታል። ከዚህ የምንማረው፣ ያልተመረመረ ነገር ወደ ሳንባ ማስገባት ከባድ ድፍረት መሆኑን ነው።

ሆኖም መከልከል ብቻውን እንደማይበቃ የገዛ ታሪካችን ይመሰክራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በጽኑ ቅጣት ከልክለው ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳም ለደሴ ቅርብ ነው። ትምባሆ ግን ዘመናቸውን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። የዛሬውም ሕግ በሕዝብ መሰብሰቢያ ማጨስን ይከለክላል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላም ሰው መሸጥን ያግዳል። መልካም ነው። ነገር ግን ዐዋጅ ሌሊት እንቅልፍ ካጣው ሰው አጠገብ አይቀመጥም። ይህ የእኛ ፈንታ ነው።

የወሎ ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ያለ ሲጋራ የሚውል፣ በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚታገሥ አጫሽ፣ የመጀመሪያዎቹን ብርቱ ሰዓቶች ማለፍ እንደሚችል ራሱ አስመስክሯል። የቀረው በማፍጠሪያው ሰዓት የሚለኩሰውን አንዱን ማስቀረት ነው። ስለዚህ የሚተውበትን ቀን አስቀድሞ ይወስን፤ ለቤተ ሰቡና ለባልደረቦቹም ይንገር። በነጠላ ለሚሸጥለት ባለ ሱቅ «ብለምንህም አትስጠኝ» ይበለው። ጫትና ሲጋራ የማይለያዩ ጓደኞች ናቸውና በእነዚያ ሳምንታት ከጫት ቦታ ይራቅ። ቡናም ቢሆን በልክ ይሁን፤ ሲጋራ ሲቆም ሰውነት የቡናን ኀይል ከቀድሞው ይልቅ ቀስ ብሎ ያስወግዳልና፣ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን ቢያልፋቸው ብስጭቱና የእንቅልፍ እጦቱ ይቀልለታል።

የባሰበትም ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ምክር ይጠይቅ። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። እነዚህም ኒኮቲን ቢሰጡም፣ መጠናቸው የታወቀ ነው፤ ወደ ሳንባ አይገቡም፤ በባለሙያ ምክር በጥቂት ወራት ውስጥ እየተቀነሱ ይቆማሉ። አስቀድሞ ቬፕ የጀመረም ሰው ወደ ሲጋራ አይመለስ፤ የሚያቆምበትን ቀን ቈርጦ የጤና ባለሙያ ያማክር።

እናንት መምህራን ሆይ፣ ተማሪው ከምትነግሩት ይልቅ የምታደርጉትን ያያል። ሽታ የሌለው ዕቃ ከአፍንጫ ያመልጥ ይሆናል፤ ከልጅ ዐይን ግን አያመልጥም። ነገሩን የጀመርንባቸው መምህር እንደ ገና ሊተው ቀን ቈርጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ዕቃ አልያዙም። ባልደረቦቻቸው ለሦስቱ ቀኖች የዕረፍቱን ሰዓት ከእርሳቸው ጋር በግቢው ውስጥ እየተዘዋወሩ ሊያሳልፉ፣ የሚያጨሱትም ከፊታቸው ላይለኩሱ ቃል ገብተዋል። ቢወድቁም እንደ ገና ያነሷቸዋል እንጂ አይስቁባቸውም። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ እንዲሁ ቢደረግ ወጪ የለውም። ሐረጎን ብቻውን የሚወርድ ይፈራል፤ ከጎኑ ሰው ያለው ግን እየተጨዋወተ ኮምቦልቻ ይደርሳል።