ፍሬን ጌጥ አይደለም

በአገራችን ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ለራሱ አይገዛም። የሚገዛው ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ መጥቶ መኪናውን ለሚረከበው፣ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው ነው። ቀለሙ ነጭ የሚሆነው እሱ ነጭ ስለሚፈልግ ነው። ሲንግሉ ቀርቶ ደብል ጋቢና የሚመረጠው እሱ ደብል ስለሚፈልግ ነው። ቆዳ ወንበር፣ ትልቅ ስክሪን፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ፣ ሁሉም ለእሱ ነው። መኪናው በምን መንገድ ላይ ሊሄድ ነው? ምን ሊጭን ነው? ማን ሊሳፈርበት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመጡት ዋጋው ካለቀ በኋላ ነው፤ ከመጡ።

የቴሌግራም የመኪና ገበያዎችን አንድ ምሽት ብቻ ተመልከቱ። «ሬቮ፣ ደብል ጋቢና፣ ፉል ኦፕሽን፣ ኮድ 3፣ በጣም ንጹሕ፣ ለቁም ነገረኛ ገዢ ብቻ።» ስለ ወንበሩ ይነግሯችኋል፣ ስለ ኋላ ካሜራው ይነግሯችኋል። ስንት ኤርባግ እንዳለው የሚናገረውን ግን ፈልጋችሁ አግኙ እስቲ።

ለማያውቅ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ሦስት አራት ዓይነት ልብስ ለብሶ ይወጣል። ሻንሲው ያው ነው፤ ባሌስትራው ያው ነው፤ ሞተሩም ብዙ ጊዜ ያው ነው። ዝቅተኛው ደረጃ ሲንግል ጋቢና፣ የብረት ቸርኬ፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ አንዳንዴም በእጅ የሚዞር መስኮት ያለው ደረቅ መኪና ነው። ከፍተኛው ደብል ጋቢና ሆኖ ቆዳና ክሮም ይደረብበታል፤ ከኋላውም ስም ይለጠፍለታል። በቶዮታ ሃይሉክስ ከእነዚህ ስሞች አንዱ «ኤስ አር 5» ነው። የመጨረሻዋ 5 መጀመሪያ የምትናገረው ባለ አምስት ማርሽ መሆኑን ነበር፤ ማርሽ አራት በነበረበት ዘመን አምስተኛው ማርሽ ወሬ ነበርና። ዛሬ መኪናው ባለ 6 ማርሽ ሆኖም 5ቷ አልተነቀለችም። ለአሮጌ ቁጥር አዲስ ብር እየከፈልን ነው ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ሃይሉክስ «አይሞትም» የተባለበትን ዝና ያመጣው ይሄ ባለጌጡ አይደለም። መኪናው ገበያ የገባው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። እናንተ በቪዲዮ ያያችሁት፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ «ቶፕ ጊር» ባሕር ውስጥ የነከረው፣ እሳት የለቀቀበት፣ በመጨረሻም ሊፈርስ በተዘጋጀ ሕንጻ አናት ላይ አስቀምጦ ከሕንጻው ጋር የጣለው የ1988 ስሪት ናፍጣ ሃይሉክስ ነበር። ስክሪን የለውም፣ ኮምፒውተርም የለውም። በቁልፍ ተጠጋግኖ ተነሣ። በ1987 እ.ኤ.አ. ቻድ ሊቢያን ያሸነፈችበት ውጊያ ራሱ «የቶዮታ ጦርነት» እየተባለ የሚጠራው በእነዚህ ቀላል ፒክአፖች የተነሣ ነው። ስሙን የሠራው ደረቁ መኪና፤ በስሙ የሚበላው ፉል ኦፕሽኑ።

እንግዲህ ይህን ገበያ አንሥተን መኪናው በእርግጥ ወደሚፈተንበት ቦታ እንውሰደው፤ ወደ ሊማሊሞ።

ከጎንደር ተነሥታችሁ በዳባት አድርጋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ከዚያ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ወደ ታች፦ ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከገደሉ ፈልፍሎ ያወጣው፣ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ የሚወርደው ሊማሊሞ። ሁለተኛው ወደ ላይ፦ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ በብዋሂት ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው። ለፒክአፕ ከዚህ የባሰ ፈታኝ አገር አታገኙም።

መውረዱ ላይ የሚጠየቀው ፍሬን ነው። ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ስለዚህ በማርሽ ይወረዳል፤ ከባድ ማርሽ ገብቶ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ። መውጣቱ ላይ የሚጠየቀው አየር ነው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል አንጻር 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚያ ላይ ደረቱን ይዞ ያስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። እንደ ላንድክሩዘር 79 ያለው፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው 4.2 ሊትሩ ሞተር እያዘገመ ይወጣል፤ ሲበላሽ ግን የትም ያለ መካኒክ ይፈታዋል። የሬቮው ባለ ቱርቦ ሞተር ዳገቱን ይበላዋል፤ ግን ከጀሪካን የተቀዳ፣ ውኃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ከሰጣችሁት ኢንጀክተሩ ይጣላችኋል።

ይሄ እኮ ነው ቁም ነገር ያለው ምርጫ! ቱርቦ ወይስ ያለ ቱርቦ? ናፍጣውን ከየት ነው የምቀዳው? የሲንግል ጋቢና ካሶኒ 2.3 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የደብሉ 1.5 ገደማ ነው። ገብስና ድንች ለሚያወርድ ነጋዴ ያቺ 80 ሳንቲሜትር ትርፍና ኪሳራ ናት። ገበያው ግን ስለ እነዚህ አይጠይቅም። ደላላው «ፉል ነው ስታንዳርድ?» ብሎ ዋጋ ይቆርጣል፤ በቃ።

ጉዳዩ የጣዕም ቢሆን ኖሮ ምን ቸገረኝ እል ነበር። ሰው በገንዘቡ ክሮም ቢወድ ክሮሙን ይውደድ። ነገር ግን በዚህ «ኦፕሽን» በሚባለው ከረጢት ውስጥ ከቆዳው ጋር ተቀላቅሎ የታሰረ ሌላ ነገር አለ። ኤርባግ አለ። ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኤቢኤስ አለ። መኪናው ኩርባ ላይ ሲስት መልሶ የሚያስተካክለው የመረጋጊያ ሥርዓት አለ። በአውሮፓ ኅብረት ይህ ሥርዓት ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ነው። በብዙ የአፍሪካ ገበያዎች ግን ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛው ደረጃ ያለ እነዚህ ሲሸጥ ኖሯል። የሊማሊሞን ኩርባ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ፦ ፍሬን ከመቼ ወዲህ ነው ከስክሪንና ከቆዳ ጋር በአንድ ጥቅል የሚሸጠው? ድሃ ስለሆነ ደረቁን የገዛ ሰው ለምን በፍሬኑ ይቀጣል?

«ፉሉን ልግዛና ልገላገል» የሚልም እንዳይዘናጋ። በ2018 እ.ኤ.አ. ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ደኅንነት ፈታሽ ድርጅት በደቡብ አፍሪካ የተሠራውን የኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ፒክአፕ ከግድግዳ ጋር አላትሞ ለአዋቂ ተሳፋሪ 0 ኮከብ ሰጠው። ኤርባግ ነበረው እኮ! የኦፕሽን ዝርዝር ላይ «ኤርባግ ✓» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ሕይወት አያድንም፤ የጋቢናው ብረት ራሱ መቻል አለበት። ይህን ደግሞ ማስታወቂያ አይነግራችሁም፣ ፈተና ነው የሚነግራችሁ።

አሁን ተቃውሞው ይምጣ፤ አውቀዋለሁ። «ወዳጄ፣ ብር እየወደቀ ነው። መኪና የእኔ የቁጠባ ደብተር ነው። ሲሸጥ ዋጋ የማያወጣልኝን ለምን ልግዛ?» ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ታክሱን ሰቀለው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ አገር ብሩን ወደ ብረት የለወጠ ሰው ሞኝ አይባልም።

ግን ልብ በሉ፤ ሁላችንም ለቀጣዩ ገዢ ስንገዛ፣ ቀጣዩም ለቀጣዩ ሲገዛ፣ መጨረሻ ላይ መኪናውን ለሥራ የሚፈልገው ሰው ነው ዋጋውን የሚሸከመው። የዳባት ነጋዴ ደረቅ ሲንግል ጋቢና ሲፈልግ አያገኝም፤ አስመጪው «አይሸጥም» ብሎ አላመጣውማ። ደብሉን እንዳይገዛ አቅሙ አይፈቅድም። ስለዚህ እህሉን በአይሱዙ ይጭናል፤ ዘመድ አዝማዱም ከእህሉ አናት ላይ ተሳፍሮ ገደሉን ይወርዳል። እዚያ ካሶኒ ላይ ቀበቶ የለም፣ ኤርባግ የለም፣ ኦፕሽን የለም። አዲስ አበባ ላይ ስለ ቆዳ ወንበር ስንከራከር የረሳነው ተሳፋሪ ይሄ ነው።

ግለሰቡንስ ብር አስገደደው እንበል። መሥሪያ ቤቱንስ ማን አስገደደው? በሕዝብ ገንዘብ፣ በኮድ 4 ሰሌዳ፣ ወይም በእርዳታ ፕሮጀክት ስም የሚገዛ ፒክአፕ የግል ቁጠባ አይደለም። ስሙ «የመስክ መኪና» ነው። ታዲያ መስክ ላይ ኃላፊው በቆዳ ወንበር ተቀምጦ፣ ካሶኒው ባዶውን ሲንገጫገጭ የምናየው ለምንድን ነው? ዘር፣ ክትባትና የምጥ በሽተኛ የሚጫነው በካሶኒ ነው ወይስ በክሮም? ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተሸክመው ሰዓታት ተጉዘው መኪና መንገድ የሚደርሱ ሰዎች ባሉበት አገር፣ ለአንድ ኃላፊ ምቾት የተከፈለው የኦፕሽን ልዩነት ከሌላ ቦታ የጎደለ ብር ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። መሥሪያ ቤት ጨረታ ሲያወጣ ሰነዱ ላይ መጀመሪያ ኤቢኤስ፣ የመረጋጊያ ሥርዓትና ኤርባግ ይጻፍ፤ ቆዳና ስክሪን ከነጭራሹ ይሰረዝ። አስመጪ ዝቅተኛውን ደረጃ ሲያመጣ ፍሬኑን ሳይቀንስ ያምጣ፤ ቁጠባው ከክሮሙ ይሁን። እናንተም ነገ ለራሳችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለአጎታችሁ መኪና ልታዩ ስትሄዱ ደላላው «ፉል ነው!» ሲላችሁ አትደነቁ። «በምኑ ነው ፉል?» በሉት። መልሱ ከወንበሩ ከጀመረ፣ የሚሸጥላችሁ ለሌላ ሰው የተዘጋጀ መኪና ነው።