የአንድ ተግባር ወረዳና ተቆጣጣሪው

መንግሥት ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ሠራዊት ያለው፣ ሕግ የሚያወጣ፣ ዳኛ የሚሾምና ግብር የሚሰበስብ ታላቅ ተቋም ነው። ነገር ግን ሥራቸው አንድ ብቻ የሆነ ትንንሽ መንግሥታትም በየአገሩ አሉ። አንዱ የቦይ ውሃ ያካፍላል፤ ሌላው የእሳት አደጋ ይከላከላል፤ ሦስተኛው ትንኝ ያጠፋል፤ አራተኛው የመቃብር ስፍራ ይጠብቃል። ሥራቸው ጠባብ ቢሆንም ሥልጣናቸው እንደ ሥራቸው ጠባብ አይደለም፤ ግብርና ክፍያ ይጥላሉ፣ በሕዝብ ስም ይበደራሉ፣ መሬትም ያስለቅቃሉ። በእኛ አገር «ልዩ ወረዳ» የሚለው ስም ሌላ ትርጉም ስላለው፣ እንዳይደባለቅብን እዚህ ላይ «የአንድ ተግባር ወረዳ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ወረዳዎች የበዙባት አገር አሜሪካ ናት። በ1952 የአገሪቱ የቆጠራ መሥሪያ ቤት ቢቆጥራቸው 12,340 ነበሩ፤ በ2022 ግን 39,555 ሁነዋል። በዚሁ ዘመን ውስጥ ከ67,000 በላይ የነበሩት የትምህርት ቤት ወረዳዎች እርስ በርሳቸው እየተጠቃለሉ ከ13,000 በታች ሲወርዱ፣ እነዚህኞቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ተባዙ። ምክንያቱ ሕዝቡ ውሃና እሳት ማጥፊያ ስለ ወደደ ብቻ አይደለም። ክፍለ ግዛቶቹ ከተሞቻቸው ከልክ በላይ እንዳይበደሩና ግብር እንዳያከብዱ በሕግ ወሰን አበጁላቸው፤ አዲስ ወረዳ ሲቋቋም ግን የራሱን የመበደር መብት ይዞ ይወለዳል። ከተማው በበር እንዳያስገባ የተከለከለውን ዕዳ ወረዳው በመስኮት ያስገባዋል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይመለከታል? በሕግ መጽሐፍ ቢታይ ተመልካች አላጡም፤ ቦርድ አላቸው፣ ብዙዎቹም ምርጫ አላቸው። ዳሩ ግን በካሊፎርኒያና በቴክሳስ የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር ከወንበሮቹ ካልበለጠ ምርጫው ራሱ ይቀራል፤ ለፍሳሽ ማስወገጃ ቦርድ እወዳደራለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በቴክሳስ ከዚህ የባሰ ነገር ይደረጋል። ቤት ሠርቶ የሚሸጠው ኩባንያ ገና ማንም ባልሰፈረበት ሜዳ ላይ ወረዳ ያስቋቁምና ጥቂት ሰዎችን በተንቀሳቃሽ ቤት ያሰፍርበታል፤ እነርሱም ወጥተው ወደ ፊት በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ የሚከፍለውን የብድር ቦንድ በድምፃቸው ያጸድቃሉ። ከፋዩ ሲመጣ ዕዳው ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል።

ይህን የሚሟገቱለት ሰዎች ሁለት ነገር ያቀርባሉ። አንደኛው፣ ብዙ ያለው ብዙ ስለሚከፍል ብዙ ድምፅ ይገባዋል የሚለው ነው። አሳቡ በችኮላ ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል፤ ፍሬውን ለማየት ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለውን የቱላሬ ሐይቅ ተፋሰስ የውሃ ማከማቻ ወረዳ መመልከት ይበቃል። ወረዳው 193,000 ኤከር ያህል የእርሻ መሬት ሲሆን ከዚህ 85 በመቶ የሚሆነውን የሚያርሱት አራት ኩባንያዎች ነበሩ። ድምፅ የሚሰጠው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በመሬት ግምት ነበር፤ ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት አንድ ድምፅ። በዚህ ስሌት ቦስዌል የሚባለው ኩባንያ ብቻውን የቦርዱን አብዛኛውን ወንበር ለመያዝ ቻለ። በወረዳው ውስጥ የሚኖሩት 77 ሰዎች ግን፣ መሬት ከሌላቸው፣ አንድ ድምፅ ስንኳ አልነበራቸውም።

በ1969 ብርቱ ጎርፍ መጣ። ውሃው ወደ ሌላ ተፋሰስ ይመለስ የሚል አሳብ ለቦርዱ ሲቀርብ በድምፅ ብልጫ ታገደ፤ ውሃው ሊመለስበት በታሰበው ስፍራ ቦስዌል የተከራየው እርሻ ነበረና። በቱላሬ ተፋሰስ ውስጥ ውሃው ከፍ አለ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1973 ስድስት ዳኞች በሦስት ላይ በልጠው፣ የወረዳው ሥራ የተወሰነ ስለሆነና ወጪውም በባለመሬቶች ላይ ስለሚወድቅ በመሬት ግምት መምረጥ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብለው ፈረዱ። የጎርፉን ታሪክ በዝርዝር ጽፎ የተቃወመው ዳኛው ዊልያም ዳግላስ ነበር። እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ፍርዱ ወጪን የሚያየው በገንዘብ ብቻ ነው። የቀን ሠራተኛው ቤቱ በውሃ ሲሞላ ያ ወጪ አይደለምን? ወይስ በግምት መዝገብ ስላልተጻፈ ውሃው ቤቱን ይስተዋል? ከስምንት ዓመት በኋላም በ1981 ያው ፍርድ ቤት፣ በአምስት በአራት ድምፅ፣ በአሪዞና ለብዙ መቶ ሺህ ሰዎች መብራት የሚሸጠው የሶልት ሪቨር ወረዳ በኤከር ልክ ቢመረጥ ይፈቀዳል አለ። እንዲህ ሲሆን «የተወሰነ ሥራ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደ ላስቲክ እንደሚሳብ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይልቅ በሹማምንት ዘንድ የተወደደ ነው፤ ወረዳው ካጠፋ የበላዩ ሹም ይረከበው ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆነው የፍሎሪዳው የሪዲ ክሪክ ነገር ነው። በ1967 የፍሎሪዳ ምክር ቤት ለዋልት ዲዝኒ ኩባንያ መዝናኛ 25,000 ኤከር ገደማ የሚሆን የአንድ ተግባር ወረዳ አቋቋመ። በስም የመሬት ማሻሻያ ወረዳ ይባል እንጂ የራሱ የሕንጻ ደንብ፣ የራሱ እሳት አደጋ፣ የራሱ መንገድና ፍሳሽ ነበረው፤ ከፈለገ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንዲሠራ ስንኳ ተፈቅዶለት ነበር። አምስቱን የቦርድ አባሎች የሚመርጡት ባለመሬቶች ሲሆኑ፣ አንድ ኤከር አንድ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ መራጩም ተመራጩም በተግባር ኩባንያው ነበር። ይህ ሥርዓት ከአምሳ ዓመት በላይ ሲኖር የክፍለ ግዛቲቱ ሹማምንት ነቀፋ አላገኙበትም። በ2022 ግን ኩባንያው ምክር ቤቱ ስለ ትምህርት ቤቶች ያወጣውን አንድ ሕግ በአደባባይ ተቃወመ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ወረዳውን የሚያፈርስ ሕግ ወጣ። በፍሎሪዳ በዚያን ጊዜ ከ1,800 የሚበልጡ የአንድ ተግባር ወረዳዎች ሲኖሩ፣ ሕጉ የነካው ስድስቱን ብቻ ነበር።

ኋላም አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆነውን የወረዳውን ዕዳ ማን ይክፈለው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ማፍረሱ ቀርቶ በየካቲት 2023 ስሙ ተለወጠ፤ አምስቱንም የቦርድ አባሎች አገረ ገዥው እንዲሾም ተደረገ። የቀድሞው ቦርድ ደግሞ ሳይሰናበት በፊት፣ አዲሶቹ ተሿሚዎች እጃቸው እንዲታሰር ከኩባንያው ጋር ውል ተዋውሎ ነበር። ከውሉ አንዱ ክፍል የሚጸናው የእንግሊዙ ንጉሥ የሣልሳዊ ቻርልስ ተወላጆች ከሆኑት፣ በዚያን ጊዜ በሕይወት ካሉት፣ የመጨረሻው ከሞተ በኋላ እስከ 21 ዓመት ድረስ ነው ይላል። (በሕግ ሰዎች ዘንድ የታወቀ የቆየ ዘዴ ነው ይባላል፤ እኛን የመሰለ አንባቢ ግን ቢስቅ አይፈረድበትም።) ክርክሩ በፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቶ በመጋቢት 2024 በዕርቅ አለቀ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ማን ተቆጣጠረ? ቀድሞ ባለመሬቱ ራሱን ይቆጣጠር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከላይ የተሾሙ ሰዎች ለሾማቸው ይመልሳሉ። በወረዳው የሚሠራው፣ በአጠገቡ የሚኖረው፣ በመንገዱ የሚመላለሰው ሰው በፊትም አልተጠየቀም፤ አሁንም አልተጠየቀም። የጌታው መለወጥ ቁጥጥር ተብሎ ተጠራ። ከዚህም በላይ ጎጂው ነገር፣ ቅጣቱ ለአንዱ ተቆርጦ መውጣቱ ነው። ሕግ ለ1,800ው ሁሉ እኩል ቢወጣ ማሻሻያ በተባለ ነበር፤ ለተናገረው ብቻ ሲወጣ ግን የቀሩት የሚማሩት አንድ ትምህርት ዝም ማለትን ነው።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሰምተው፣ ወረዳዎቹ በሙሉ ይፍረሱና ሥራቸው ለከተማው ይሰጥ ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ውሃ የከተማን ወሰን አያውቅም፤ አንድን ወንዝ ሦስት ከንቲባ ቢከፋፈለው የታችኛው መንደር ይደርቃል። አንድን ሥራ ብቻ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በሚገባ ከተያዘ ትልቅ ጥቅም እንዳለው ሆላንዶች አሳይተዋል። የእነርሱ የውሃ ቦርዶች የተጀመሩት በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1950 ገደማ ከ2,500 በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹም አንዲት ግድብ ወይም አንዲት ረግረግ የሚጠብቁ ድኩማን ነበሩ። በ1953 ባሕሩ ግድቡን ጥሶ 1,836 ሰው ከገደለ በኋላ ቦርዶቹን እያጠቃለሉ፣ በብዙ ዓመት ሥራ፣ ዛሬ 21 አድርሰዋቸዋል። በአገሩ የቆየ አነጋገር አለ፤ ጥቅም ያለው ይክፈል፣ የሚከፍልም ቃል ይኑረው የሚል ነው። በዚህ መሠረት ድምፁ ከባለመሬቱ ወደ ነዋሪው ሁሉ እየሰፋ ሄደ፤ ለነጋዴዎች ተለይቶ የነበረው ወንበርም ከ2023ቱ ምርጫ ጀምሮ ቀረ።

ሆላንዶች የምርጫውን ቀንም አልናቁትም። በ2008 ምርጫው ለብቻው በፖስታ ቢደረግ ድምፁን የላከው ከመራጩ አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነበር። በ2015 ከክፍለ አገሩ ምክር ቤት ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ቢደረግ ከ40 በመቶ በላይ ወጣ፤ በ2023 ከግማሽ አለፈ። ሕዝቡ ስለ ውሃ ግድ የለውም ይባል የነበረው ሐሰት ሁኖ ተገኘ፤ ጎዶሎው ቀኑ ነበር።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ፖለቲካ አይግባበት» የሚሉትም አሉ። የቧንቧውን ውፍረት መሐንዲሱ ይወስን፤ ማንም አይከለክለውም። ቧንቧው በመጀመሪያ በየትኛው ሰፈር ይግባ፣ ዋጋውስ በማን ላይ ይክበድ የሚለው ግን የመሐንዲስ ጥያቄ አይደለም።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በስፋቱ ወረዳ ባይባልም፣ ለአንድ ተግባር የቆመ መንግሥት ነበር። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከአዲስ አበባ ነው፤ በወንዙ ዳር ጥጥና ሸንኮራ ሲለማ፣ አፋሩ ከብት አርቢ በበጋ መንጋውን የሚያሰማራበትን መስክ አጣ። ሥራው በባለሙያ እጅ ነበር፤ የጎደለው መስኩ የሚነካበት ሰው በውሳኔው ላይ ክብደት ያለው ቃል ነው። ዛሬ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በሕግ እንዲቋቋሙ ተደርጓል፤ በብዙ ክልሎችም የከተማ ውሃ አገልግሎት በቦርድ ይመራል።

በማኅበራቱ ረገድ መሬት በአገራችን ስለማይሸጥና ስለማይለወጥ የቱላሬው ክፉ ነገር በቀጥታ አይደርስብን ይሆናል። ሆኖም በእኩል የሚያርሰው ገበሬ ቦዩን የሚጠርገው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ የውሃው ተራ ሲወሰን ባለይዞታው ብቻ የሚናገርበት ስፍራ እንዳይኖር መጠንቀቅ ይገባል።

በከተሞቹ ረገድ ግን ቸልታችን ይበዛል። እኔ ባገለገልሁበት በአንድ ከተማ የውሃ ቦርዱ ሊቀ መንበር ከንቲባው ነበሩ፤ የቀሩት አባሎች የየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ናቸው። የተጠቃሚ ወኪል የሚባል ወንበርም ነበረ፤ የተቀመጠበትን ሰው የመረጠው ደብዳቤ ነው፤ ሕዝቡም ስሙን አያውቀውም። ዋጋ ሲጨመር ሰው የሚያማርረው ቆጣሪ አንባቢውን ልጅ ነበር፤ የወሰኑትን አያውቃቸውምና።

በበኩሌ የምጠይቀው ለሁሉም ከተማ እኩል የሆነ አንድ ሕግ ነው፤ ለጠፋው ከተማ ተለይቶ የሚወጣ መመሪያ አይሁን። ከቦርዱ ወንበር ቢያንስ ግማሹን ቆጣሪ ያለውም ከቦኖ የሚቀዳውም ተጠቃሚ ይምረጠው፤ ምርጫውም ሕዝቡ ለቀበሌው በሚወጣበት ቀን ይደረግ። ቦኖ ቀጂዋን መርሳት አይገባም፤ በጀሪካን የምትገዛው ውሃ በሊትር ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ቧንቧ በግቢው ካለው ሰው ይልቅ የምትከፍለው እርስዋ ናት። ቦርዱ የሚበደረው ገንዘብ፣ ከማን እንደ ተበደረና በስንት ዓመት እንደሚከፈል፣ ከአባሎቹ ስም ጋር ተጽፎ ሰው የወሩን ሒሳብ በሚከፍልበት መስኮት አጠገብና በየቦኖው ይለጠፍ። በየአሥር ዓመቱም የክልሉ ምክር ቤት እያንዳንዱን ቦርድ ጠርቶ፣ ይህን ሥራ አሁንም ለብቻህ ልትሠራው የሚገባህ ስለ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀው፤ የሚመልሰው ያጣ ቦርድ ከጎረቤቱ ጋር ይጠቃለል።